አካውንቲንጉን አትተዪው፣ መጀመሪያ ኪቦርዱን ልመጂ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌሎችም እንዲገባቸው አሳጥሬ ላስቀምጠው። የምትኖሪው ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው፣ ከታላቅ እህትሽ ጋር። አካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። እይታሽ ከሃይስኩል ጀምሮ እየቀነሰ መጥቶ አሁን ስልክሽን አፍንጫሽ ሥር አስጠግተሽ ነው የምታነቢው። ሐኪሙም ከዚህ በኋላ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጨምርም ብሎሻል። ሁለት ቦታ ለፈተና ተጠርተሽ፣ ወረቀቱ አልታይ ብሎሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ ግማሹን ባዶ ትተሽ ወጥተሻል። ዘመዶችሽ "ይሄን የቁጥር ሥራ ተዪና አስተማሪ ሁኚ፣ ወይ ስልክ ኦፕሬተር" ይሉሻል። እህትሽ ደግሞ የራሷን ሥራ እየተወች በሄድሽበት ሁሉ እጅሽን ይዛ ትዞራለች፣ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግብሽም እሱ ነው። ጥያቄሽ ሁለት ነው፦ ሙያዬን ልቀይር ወይ? አጋዥ ቴክኖሎጂ የሚባለውስ የእውነት ይሠራል ወይ?

አትቀይሪ። ይሠራል። ግን ቅደም ተከተል አለው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እሱ ላይ ነው። "ሥራ ልያዝና ከዚያ እለምደዋለሁ" ይባላል። ቢሮ ገብተሽ አለቃሽ ሪፖርት እየጠበቀ፣ አጠገብሽ ያሉት እያዩሽ፣ አዲስ ሶፍትዌር መልመድ በጣም ከባድ ነው። መሣሪያውን አሁን ልመጂ፣ ሲቪ የማስገባቱ ነገር ትንሽ ይቆይ። ዓይንሽ ገና የተወሰነ ነገር እያየልሽ መጀመርሽ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የተሳሳትሽበትን ራስሽ አይተሽ ታርሚያለሽ።

መጀመሪያ ኪቦርድ። ሳያዩ መተየብ ማለቴ ነው። በሁለቱ ጠቋሚ ጣቶችሽ "ኤፍ" እና "ጄ" የሚሉትን ፊደላት ዳስሺ፣ በሁለቱም ላይ ትንሽ ከፍ ያለች መስመር አለች። ጣቶችሽ ቦታቸውን የሚያውቁት ከእሷ ተነስተው ነው። ይሄ ሳይኖር ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር፣ ብትጭኚም የትም አያደርስሽም፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ማውስ የሚባል ነገር ብዙም አትነኪም። ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስጪው፣ አሰልቺ ቢሆንም።

ቀጥሎ ኤንቪዲኤ። አንዱ ስክሪን ሪደር ነው፣ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስ ላይ ይሠራል። የጀመሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ሁለቱም ዓይነ ስውራን። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ጆውስ ያሉት ስክሪን ሪደሮች በጣም ውድ ስለነበሩ ነው የተነሱት። አጠቃቀሙን ለምሳሌ ልንገርሽ። "ኢንሰርት"ን ይዘሽ የታች ቀስቷን ስትጫኚ ካለሽበት ጀምሮ ያነብልሻል። "ኮንትሮል" ስትጫኚ ዝም ይላል። "ኢንሰርት" ከ"ቲ" ጋር የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለሽ ይነግርሻል። ኤክሴል ላይ በቀስት ስትንቀሳቀሺ የሴሉን አድራሻና በውስጡ ያለውን ቁጥር ይጠራል፣ ፎርሙላ ካለበትም ፎርሙላ እንዳለ ይናገራል። መጀመሪያ ሳምንት ድምፁ ያደክማል፣ ራስ ምታት ሊመስልሽ ይችላል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ጀምሪና እየለመድሽ ጨምሪ፤ የለመዱት ሰዎች የሚያዳምጡበትን ፍጥነት ሌላ ሰው ቢሰማው አንድ ቃል አይለይም።

ዓይንሽ እስካለ ድረስ ግን ማጉያውንም ተጠቀሚ። የዊንዶውስ ቁልፍንና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ስትጫኚ ማግኒፋየር ይከፈታል፣ ተጨማሪ አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ነው። እሱ ክፍት ሆኖ "ኮንትሮል"፣ "ኦልት" እና "አይ" ስትጫኚ ቀለሙ ተገልብጦ ጥቁር ላይ ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ብርሃን ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለአጭር ነገር ዓይንሽን፣ ለረጅሙ ጆሮሽን ተጠቀሚ። ቀኑን ሙሉ አጉልተሽ ስታነቢ ውለሽ ከሰዓት በኋላ ዓይንሽ ደክሞ ስህተት የምትሠሪ ከሆነ፣ በሂሳብ ሥራ ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው።

አማርኛው ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ኤንቪዲኤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል፣ ግን እንደ ማሽን ነው የሚያወራው፣ ቃል የሚያጠብቅበትና የሚያላላበት ይዘበራረቃል። ይለመዳል። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ላይ ደግሞ "መቅደስ" እና "አምሃ" የሚባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉ፣ እነሱ በጣም ሰው ሰው ይላሉ፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ።

ከድምፁ ይልቅ የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር ነው፦ የድሮ ፎንት። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ የሚለዩበት ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ግን መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አሁንም በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ በእነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፉ ደብዳቤዎችና ፎርሞች ይገኛሉ። ለሚያይ ሰው አማርኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ከሥር የሚያያቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ስለዚህ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ያንበለብላል። ይሄ ሲገጥምሽ መሣሪያው የተበላሸ ወይም አንቺ ያልቻልሽ እንዳይመስልሽ። "ይህን ፋይል በዩኒኮድ ላኩልኝ፣ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ፎንት" በይ።

ስካን የተደረገ ወረቀትም እንደዚያው ነው። ለስክሪን ሪደሩ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ሰቅለሽ በጉግል ዶክስ ስትከፍቺው ፊደሉን ለቅሞ ያወጣልሻል፣ አማርኛም ይሞክራል። ስህተት ግን አያጣውም። ቁጥር ያለበት ነገር ከሆነ እንዲሁ አትመኚው፣ ድምሩን አስልተሽ ከወረቀቱ ድምር ጋር አስተያዪ።

አሁን ወደ ሥራው። አካውንቲንግ ስንል ሁሉም አንድ አይደለም፣ ዘመዶችሽም ምናልባት በሐሳባቸው ያለው ገንዘብ ያዥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርና ደረሰኝ የሚቆጥረው ሰው ይሆናል። እሱን አልመክርሽም። በእጅ የተጻፈ ቫውቸር፣ የደበዘዘ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ፣ በካርቦን የተባዛ ፓድ፣ ይሄን ሁሉ አሁን ያለው ቴክኖሎጂ በደንብ አያነብልሽም፣ እዚያ ላይ ሁልጊዜ የሰው ዓይን ትፈልጊያለሽ። ከወረቀት የራቀውን ፈልጊ። ደመወዝ ዝግጅት፣ በጀት፣ ወርኃዊ ሪፖርት፣ ከባንክ በፋይል የሚመጣን ስቴትመንት ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ። እነዚህ ኤክሴል ላይ የሚያልቁ ናቸው። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ መጥፎ ከተማ አይደለችም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉት ፋብሪካዎች ብዙ ሠራተኛ ስለሚይዙ በየወሩ ትልልቅ ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ መዝገብ፣ ይሠራሉ፣ ሆቴሎቹ አሉ፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት አሉ፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አሉ፣ ክልሉም ራሱን ችሎ ከተዋቀረ ወዲህ ቢሮዎቹ እዚሁ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አጣሪ፦ ድርጅቱ በምን ሶፍትዌር ነው ሂሳብ የሚይዘው? ኤክሴል ከስክሪን ሪደር ጋር በደንብ ይግባባል። አንዳንድ የሂሳብ ሶፍትዌሮች ግን ቁልፎቻቸው ሥዕል ብቻ ስለሆኑ ስክሪን ሪደሩ "በተን፣ በተን" እያለ ያልፋቸዋል። ፒችትሪ ከሆነ የሚጠቀሙት፣ እነሱ ያላቸውን ቨርዥን ሳትሞክሪ "እችላለሁ" አትበዪ፣ "አልችልም"ም አትበዪ።

ፈተናው ላይ ያደረግሽው፣ ዝም ብሎ መውጣቱ፣ ከእንግዲህ ይብቃ። እንዳይንቁሽ ፈርተሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ባዶ ወረቀት ያየ ቀጣሪ "ማየት አትችልም" አይልም፣ "አታውቅም" ነው የሚለው። የእኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ሲቪሽ ላይ አትጻፊው፣ ለፈተና ስትጠሪ ግን ከፈተናው ቀን በፊት ተናገሪ። ከስልክ በኋላ በጽሑፍም ይላክ፣ ማስረጃ ይሆንሻል። እንዲህ ብለሽ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለአካውንታንት የሥራ መደብ ለፈተና ተጠርቻለሁ። የማየት ችግር ስላለብኝ የምሠራው ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ፈተናው በዎርድ ወይም በኤክሴል ፋይል ቢሰጠኝና ተጨማሪ ሰዓት ቢፈቀድልኝ ያለ ሰው እርዳታ መሥራት እችላለሁ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ በፍላሽ ይዤው ስለምመጣ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ይቻላል።"

የመጨረሻዋ መስመር ወሳኝ ናት። ኤንቪዲኤ ኮምፒውተር ላይ ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳ ኮፒ አለው። "የራሷን ላፕቶፕ ይዛ መጥታ ልትኮርጅ ነው" የሚለውን ጥርጣሬ ከሥሩ ይነቅልልሻል፣ ወጪ ያስወጣናል የሚለውንም።

ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ፣ ቁጥር 568፣ አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያስገድዳል፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣሽም ቅድሚያ ይሰጥሻል ይላል። አድልዎ ተደርጎብኛል ብለሽ ስትከሺ የማስረዳት ሸክሙን አንቺ ላይ አይጥልም። ይሄን እወቂው፣ ቦርሳሽ ውስጥ ኮፒውን ያዥ። በመጀመሪያው ስልክ ላይ ግን አዋጅ አትጥቀሺ፤ እምቢ ካሉሽ ያኔ ትጠቅሺዋለሽ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ አሳዪያቸው እንጂ አታስረጂ። የሃያ ሠራተኛ ፔይሮል ኤክሴል ላይ አዘጋጅተሽ ሂጂ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮው ተሠልቶ። ሆን ብለሽ አንድ ቦታ ስህተት አስገቢበት። ላፕቶፑን ከፍተሽ፣ ድምፁን እነሱም እንዲሰሙት ቀስ አድርገሽ፣ ስህተቱን በጆሮሽ ፈልገሽ ፊታቸው አርሚው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። "እንዴት ትሠራለች?" የሚለው ጥያቄ ከጠረጴዛው ላይ ይነሳል።

ስለ እህትሽ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቴሌብርሽ ላይ የሚስጥር ቁጥርሽን እሷ እንደምታስገባልሽ፣ ሒሳብሽ ውስጥ ስንት እንዳለ ከአንቺ ቀድማ እሷ እንደምታውቅ ነግረሽኛል። በዚህ ጀምሪ፣ ከሥራውም በፊት። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ስትይዣቸው ቶክባክ የሚባለው የስልኩ ስክሪን ሪደር ይነሳል። ወደ ቀኝ ስትጠርጊ ቀጣዩን ነገር ያነብልሻል፣ ሁለቴ ስትነኪ ይከፍተዋል። ኢርፎን አድርጊ፣ ከፈለግሽ ስክሪኑን ከቶክባክ ሜኑ ላይ አጥቁሪው፣ ማንም ጎንሽ ቢቀመጥ ምንም አያይም። በ*127# የሚመጣው ዝርዝር ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ይነበብልሻል፣ ጊዜው ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ቁጥሮቹን ቀድመሽ ልመጃቸው። የራስን ገንዘብ ራስ መላክ ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ለአንቺ አይደለም።

ከዚያ ነጩ በትር። ገና አያለሁ ትዪ ይሆናል። ማታ ላይ፣ ክዳኑ የተነሳ የውኃ መውረጃ ያለበት መንገድ ላይ ታያለሽ? ባጃጅ ሹፌሩም፣ መንገደኛውም በትሩን ሲያይ ያውቃል፣ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ቻርጅ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። አጠቃቀሙን የሚያሠለጥንሽ ሰው ፈልጊ፣ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን በአቅራቢያሽ ማን እንዳለ ጠይቂ፣ ከአንቺ በፊት አንቺ ከተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ላይ ያሉትንም እነሱ ያውቋቸዋል። አንድ እንደዚያ ያለ ሰው ጎን ተቀምጠሽ ስትሠሪ መዋል እኔ ከምጽፍልሽ ሁሉ ይበልጣል።

እህትሽን ግን ከነጭራሹ አታሰናብቻት። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት እንድታነብልሽ፣ አዲስ ቢሮ የመጀመሪያ ቀን መንገዱን እንድታሳይሽ ለምኛት። ፒያሳ ደርሶ መመለሱን፣ ታክሲ መያዙን፣ ካርድ መሙላቱን ለአንቺ ትተው። መጀመሪያ ላይ ትፈራለች፣ ከኋላሽ ልትከተልሽም ትችላለች። ታገሻት።

መሣሪያውን እስክትለምጂ ድረስ ሲቪሽን ለእኔ ላኪልኝ፣ በዎርድ ይሁን እንጂ ፒዲኤፍ አታድርጊው፣ አስተያየቴን እዚያው ላይ ጽፌ እመልስልሻለሁ። ፔይሮሉንም ከሠራሽው አያይዢው፣ ስህተቱን የት እንደደበቅሽው ሳትነግሪኝ።