መኪናህ አልታመመም፤ ደሴ ነው ያለኸው

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ጋራዣችን መጣ። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአጎቱን ቪትዝ ይዟል። በቅጡ ሰላም ሳይለኝ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና ምን ሆና ነው?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልክ እንደሷ ያለች መኪና፣ በዚያው ሞተር፣ ውጭ አገር ባሕር አጠገብ ባለ ሜዳ ስትሮጥ በቪዲዮ አይቷል። ከቆመችበት ተነሥታ 402 ሜትሩን በ18 ሰከንድ ጨረሰች። ድራግ ሬስ የሚሉት ይሄ ነው። ሩብ ማይል፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ አለቀ። እሱም ጓደኛውን ሰዓት አስይዞ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ሞከረው። 19 ከምናምን መጣለት። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ወጥቶ ደገመው። 20 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ሊያስቆርጥ አስቧል፣ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ነገርም ሊገዛ ነው። አንድ ጋራዥ ደግሞ "ሞተሩ ይከፈት" ብሎታል።

በሕዝብ መንገድ ላይ በመሮጡ ልቆጣው ነበር። ተቆጣሁትም። ልጁ የሮጠበት የሐርቡ መንገድ ላይ ግመል አለ፣ ገበያተኛ አለ፣ ተማሪ አለ። ግን "ሞተሩ ይከፈት" የምትለዋን ስሰማ ምላሴ ታሰረ። ይህን የምጽፍላችሁ በዚያች ቃል ምክንያት ነው።

በ1974 ዓ.ም. እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።

ያኔ የልጁ እኩያ ነበርኩ። ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ብሎን ሳጥብ ከርሜ ገና ሞተር እንድነካ የተፈቀደልኝ ሰሞን ነው። እጄ ፈጣን ነበር። አፌ ደግሞ ከእጄ ይፈጥናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ፊያት 124 ገባ። የታክሲዎቹ ላዳ ወላጅ ማለት ነው፤ ሩሲያኖቹ ላዳን ያወጡት ከዚሁ መኪና ነው። የባሕር ጨው የበሩን ሥር በልቶታል። ባለቤቱ የሐይቅ ሰው ነው፤ አሰብ ወደብ ይሠራል። ለእህቱ ሠርግ ነበር የመጣው። በጣም ትሁት ሰው ነው። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል፣ ግን "ወንድምዓለም" እያለ ነው የሚያናግረኝ።

"አሰብ ላይ እንደ ነብር ነው" አለኝ። "ባቲን ካለፍኩ ጀምሮ እየደከመ መጣ። ደሴ ስገባ እንደ ሽማግሌ በሬ ሆነብኝ። ጥቁር ጭስ ይተፋል።"

እሱም ለክቶ ነው የመጣው። አሰብ ላይ ከጓደኛው ጋር በስልክ እንጨት እየቆጠሩ ይሽቀዳደሙ ነበር። ከአንደኛው እንጨት እስከ ስምንተኛው፣ በእጅ ሰዓት። እዚህ ያንኑ ያህል መንገድ ሲሞክር ሰከንዱ ጨመረበት። "ለምን ይሆን?" አለኝ።

መልሱን አላውቀውም። አላውቅም ማለት ግን ያኔ ለእኔ ሱሪዬን አውልቄ ፒያሳ ላይ እንደ መቆም ነበር።

"ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይከፈት" አልኩት።

ለማያውቅ ሰው፣ ፋሻ የሚባሉት ሞተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ፒስቶን የሚያቅፉት ቀለበቶች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ዘይት ይነድና ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ነው። ይህን አንድ ወር የተማረ ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። አፌ ቀደመኝ።

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አወረድኩ። ፒስቶኖቹን አወጣሁ። ፋሻዎቹ ደህና ናቸው። ፒስቶኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ የሚይዝ ጭረት የለም። የፒስቶኖቹ አናት ላይ ጥቀርሻ አለ እንጂ ሌላ ምንም የለም። አንዱን ፒስቶን በጨርቅ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ሰውዬው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ሳየው ፈገግ አለልኝ።

አዲስ ፋሻ አስገዛሁት። ከክዳኑ ሥር የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮንም አስገዛሁት። ሦስት ቀን ፈጀ። ሠርጉ ላይ በአውቶቡስ ሄደ። ከሠርጉ ለእኔ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዞልኝ መጣ። ሞተሩን ገጥሜ አስነሣሁት። ጭሱ ያው ጥቁር ነው።

ጋራዡ ውስጥ ከጣልያኖች እጅ ሥራ የተማሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስቱንም ቀን ሻያቸውን እየጠጡ ሲያዩኝ ከርመዋል። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ልጄ፣ መኪናው አልታመመም፤ ተራራ ወጥቶ ነው። ጂግለሩን አሳንስለት" አሉኝ።

"እና ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅከኝ?"

ጂግለር፣ ቤንዚንና አየር በሚያደባልቀው ካርቡሬተር ውስጥ ያለች፣ ቤንዚን የሚያልፍባት የናስ ቀዳዳ ናት። ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አሠራሯ ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቀዳዳዋ ግን አትጠብም። ቤንዚኑ ይበዛል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭስ ይመጣል። የሱ 125 የሚል ተጽፎባታል፤ ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አውጥቼ 115 አስገባሁለት። ጭሱ ጠፋ። መኪናው እንደ አሰቡ ባይሆንም ደህና አድርጎ መጎተት ጀመረ። ሰውዬው ደስ አለው። "ፋሻው ነው ለካ!" አለ። እኔም ዝም አልኩ። ገንዘቡንም ተቀበልኩ።

125ቷን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ሲወርድ ይቀይራታል፣ ሲሄድ እሰጠዋለሁ ብዬ። በማግስቱ ንጋት ላይ ሚስቱን ይዞ ሊሰናበተኝ መጣ። እጄን ጨበጠኝ። ሳልሰጠው ሄደ።

ረሳሁት ስል ነው የኖርኩት። ለሚስቴም እንደዚያው ነው የነገርኳት። አሁን ሳስበው የረሳሁት አይመስለኝም። ጂግለሯን ብሰጠው "ምንድን ናት?" ይለኛል። ከነገርኩት ደግሞ የፋሻው ጉዳይ ይወጣል።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ። በ1,850 ሜትር ገደማ ተነሥታችሁ ወደ 500 ትወርዳላችሁ። አየሩ እየወፈረ ይመጣል። አሁን ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚኑ ያንሳል። አየር በዝቶ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጉልበቱ ደህና ይመስላል፣ ግን ውስጡ ይግላል። ላዩ ላይ የአፋር ፀሐይ ጨምሩበት። ሚሌን አልፎ አንዱ ፒስቶን ቀለጠ። አናቱ ተበሳ። ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር በረሃ ላይ አደሩ። በማግስቱ አንድ የቦቴ ሹፌር ጎትቶ አሰብ አደረሳቸው።

ይህን የሰማሁት ከዚያው ሹፌር ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በደሴ ሲያልፍ ጋራዥ መጣ። "ሰላም በልልኝ ብሎሃል" አለኝ። "ያ ልጅ ሞተሬን አሳምሮ ሠርቶልኝ ነበር፤ የኔ ዕድል ነው እንጂ፣ ብሎሃል።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሄዳለሁ ስል ከረምኩ። ዓመቱ ዓመትን ወለደ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ አሰብ ሌላ አገር ሆነች። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱም ተዘጋ። ይኑር አይኑር አላውቅም።

ወደ ቪትዙ ልጅ ልመለስ። የዛሬ ወጣት ትዕግሥት የለውም፣ ሁሉን ከስልክ ይማራል፣ እጁን ዘይት ማስነካት ይጠላል እላለሁ። ይህንን ለሚሰማኝ ሁሉ ስል ኖሬአለሁ። ይሄ ልጅ ግን መንገዱ ቁልቁለት ቢሆንስ ብሎ በሁለቱም አቅጣጫ ለክቷል። በአንዱ ንጋት በሌላው ቀትር እንዳይሆን ሁለቱንም በንጋት ነው ያደረገው። እኔ በሱ ዕድሜ እንዲህ አልጠነቀቅም ነበር። እናም ያልኩትን እመልሳለሁ፤ ለሱ ብቻ።

አብሽር፣ መኪናህ ደህና ናት አልኩት። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ጥግግት 100 ቢሆን፣ ኮምቦልቻ 83 ገደማ ነው፣ ደሴ ደግሞ 78 ገደማ። ቱርቦ (አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በግርድፉ በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ይሄዳል። አዲሶቹ መኪኖች ሴንሰር ስላላቸው ቤንዚኑን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ጭስ የለም፣ ጂግለር መቀየር የለም። አየሩን ግን ከየት ያምጡት?

ልጁ ጎበዝ ነው፣ ያዘኝ። "ጉልበቱ አምስተኛው ከሄደ ጊዜዬም በአምስተኛ መርዘም ነበረበት፤ 18ቱ 21 ከግማሽ መሆን ነበረበት" አለ። እውነት ነው፣ ግን ጊዜ እንደዚያ አይሄድም። ጉልበት ከመቶ ሃያ ሲቀንስ የሩብ ማይሉ ጊዜ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ነው የሚረዝመው። 18ቱን በዚህ አስሉት። ኮምቦልቻ 19 ከትንሽ፣ ደሴ 19 ተኩልና ከዚያ በላይ። ልጁ በስልኩ የያዘው ቁጥር ይኸው ነው።

አሜሪካኖቹም ይህንን ያውቁታል። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል ዝነኛ የድራግ ሬስ ሜዳ ነበራቸው፤ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ ተዘጋ። ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ ነው። እነሱ ከፍተኛ ተራራ ብለው የሚያወሩለት ሜዳ ከኮምቦልቻ ዝቅ ይላል ማለት ነው! እዚያ የተመዘገበን ጊዜ ከባሕር ዳርቻው ጋር ለማወዳደር የማስተካከያ ቁጥር ያባዙበታል። ሞተር ይከፈት አይሉም።

ሙቀቱንም እንዳትረሱት። የጋለ አየርም ይሳሳል። ደሴ በብርድ ንጋት እና ኮምቦልቻ በጠራራ ቀትር፣ ልዩነታቸው ከምትገምቱት በላይ ይጠባል። እንዲያውም ሊተካከሉ ምንም አይቀራቸው። ስንት ውርርድ በዚህ እንደ ተበላ እኔ ነኝ የማውቀው። (አዎ፣ እኔም በወጣትነቴ ተሽቀዳድሜአለሁ። ከላይ የተቆጣሁትን እንደ ተቆጣሁ ቁጠሩልኝ።)

ቤንዚን ላይ ስለሚጨመረው ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚያንስ ሞተሩ የመንኳኳት፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት የመፈንዳት፣ ፍላጎቱም ያንሳል፤ የሚጨመረው ነገር ደግሞ ለዚያ ነበር። ማርሚታ መቁረጥ ጎረቤት መቀስቀስ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ብዙ አይጎዳም፤ ቢሆንም ከቆመበት ሲነሣ ትንሽ ያንቀላፋል። የኤሌክትሪኩ ጭራሽ አይተነፍስም። መንግሥት በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነሱ በዝተዋል፤ ከቪትዙ ጋር ቢሰለፉ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። እነሱ ስለ ጦሳ ተራራ ምን ገዷቸው።

ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ የኛ ሯጮች ከፍታ ላይ ኖረው አይደል የሚያሸንፉት? መኪናስ አይለምድም?" ሳቅሁ። ማሞ ወልዴ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ነበረች። የሰው ደም በሳምንታት ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። መኪና ደም የለውም። የሚያስተካክልለት ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ወይ ሴንሰር፣ ወይ ጂግለር ይዞ የሚመጣ መካኒክ።

ይህንን ስል መሳቢያዬን ከፈትኩ። የክብሪት ቀፎ አለች። ውስጧ ያቺ 125 አለች። ልጁ መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞራት። ቁጥሯን ማንበብ አልቻልኩም፣ መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ። እሱ አነበበልኝ።

"የማን ናት?" አለኝ።

"የሰው ናት" አልኩት።