የልብ ሕመምተኛ ለምታስታምሙ ልጆቼ፤ ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ በፋርማሲ ሙያ አርጅቻለሁና፣ ለልብ ሕመምተኛ እናታችሁ ወይም አባታችሁ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። ጥቁር አዝሙድ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከዳቦውም ከበርበሬውም አይጠፋም፣ በሐዲስም የተመሰገነ ነውና አክብሬው እናገራለሁ።

ዘይቱ ጥቅም የለውም አልልም። ቲሞኪዊኖን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ፤ በጥናቶችም በአብዛኛው በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ለሁለትና ለሦስት ወር የወሰዱ ሰዎች በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸውና ኤል ዲ ኤል የሚባለው ጎጂ ኮሌስትሮላቸው በመጠኑ ቀንሷል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተደረጉ ናቸው፤ ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ ኪኒን ግን በብዙ ሺህ ሕመምተኞች ላይ ለዓመታት ተፈትኖ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ስለዚህ ዘይቱ ተገኘ ተብሎ ኪኒኑ ሲቋረጥ ሳይ አዝናለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱት ናቸው። በአገራችን በልጅነት በደንብ ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመላቸውም ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። ቲሞኪዊኖን ዋርፋሪንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም እንደሚያዳክም በላቦራቶሪ ታይቷል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከተጠራቀመ ደግሞ ድድ ይደማል፣ ቆዳ ያለምክንያት ይበልዛል፣ ሽንት ይቀላል፣ ሲከፋም አንጎል ውስጥ ይደማል። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዘይቱና መድኃኒቱ ተደራርበው ስኳሩን ወይም ግፊቱን ከልክ በላይ አውርደው ሊያዞሩት፣ ሊጥሉት ይችላሉ።

ጥራቱንም መጠኑንም አስተውሉ። የሰኞው የባቲ ገበያ ይሁን ሌላ፣ በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዘይት አትግዙ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም ይሆናል፤ ይህም በጥናት ከተሞከረው ብዙ እጥፍ ሲሆን 120 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል፣ ክብደት ቀንስ ለተባለ ሰው ቀላል አይደለም። ዘሩን በምግብ ውስጥ እንደ ቅመም መብላት ግን እምብዛም አያሳስበኝም።

ሕመምተኛው ዘይቱን ጀምሮ ከሆነ አትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይደብቃል። በቀጠሮው ቀን ጠርሙሱን ከኪኒኖቹ ጋር ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩ፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነም ቀጠሮው እስኪደርስ ሳትጠብቁ የደሙ የመርጋት ፍጥነት እንዲለካ አድርጉ።