ለሚዋኝ ፊኖ፣ ለሚሮጥ ኦሎሮሶ፦ ስለ ሼሪ ለጠየቃችሁን

ሼሪ በደቡብ ስፔን በካዲስ አውራጃ፣ በዋናነት በሄሬስ፣ በሳንሉካር ዴ ባራሜዳና በኤል ፑዌርቶ ዴ ሳንታ ማሪያ የሚከርም ወይን ጠጅ ነው። ፊኖ፣ ማንሳኒያ፣ አሞንቲያዶና ኦሎሮሶ ዓይነቶቹ ናቸው። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለብዙ አንባቢ ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን መልስ ሰጥተናል።

«ገና ላይ የከፈትኩትን ፊኖ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ሰሞኑን ስቀምሰው ቀለሙ ጠቁሯል፣ ጣዕሙም ሞቷል። ሼሪ አይበላሽም ብለውኝ ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?» (አንባቢ ከለንደን)

ተበላሽቷል። ስህተቱ የእርስዎ ሳይሆን የመካሪዎችዎ ነው። «ሼሪ አይበላሽም» የሚለው አባባል ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ፊኖን ነው።

ፊኖ የሚሠራው ፓሎሚኖ ከተባለ ነጭ የወይን ፍሬ ነው። ጭማቂው ተብላልቶ ካለቀ በኋላ አልኮሉ ወደ 15 በመቶ ከፍ ይደረግና 600 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ግን አይሞላም፤ ወደ 500 ሊትር ብቻ ተደርጎበት ከላይ ለአየር ቦታ ይተዋል። በዚያ ባዶ ቦታ ሥር፣ የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ስልባቦት እንደሚይዘው፣ ወይኑን ነጭ የእርሾ ሽፋን ያለብሰዋል። ስፔኖች ፍሎር ይሉታል፤ አበባ ማለት ነው። ሽፋኑ አየር ወደ ወይኑ እንዳይገባ ይከላከላል፣ የቀረውን ስኳር ይበላል፣ የሊጥና የአልሞንድ ጠረንም ይሰጠዋል። ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ይህ ሽፋን አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ቡሹ ከተነቀለበት ሰዓት ጀምሮ ፊኖ ያለ ጋሻ ነው የሚቀረው።

ከተከፈተ በኋላ ክዳኑን አጥብቀው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ምርጦቹ ናቸው፤ ከሳምንት አያሳልፉት። በሳንሉካር የሚከርመው ማንሳኒያም እንዲሁ ነው። አሞንቲያዶ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ኦሎሮሶ ከ1 እስከ 2 ወር ይቆያል፤ እነዚህ በርሜል ውስጥ እያሉ አየርን ስለለመዱ ነው የሚታገሡት።

ያልተከፈተ ፊኖም ቢሆን ጠርሙስ ውስጥ እየተሻሻለ አይሄድም። በታሸገ በዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ ሲቀመጥም ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ነው። ሲገዙ የጠርሙሱን ጀርባ አገላብጠው ይዩ። አንዳንድ አምራቾች የታሸገበትን ቀን በግልጽ ያትማሉ። ሌሎች ደግሞ በ«ኤል» (L) ፊደል የሚጀምር ቁጥር ያደርጉበታል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይጻፋል። ለምሳሌ «ኤል 24 135» ቢል በፈረንጆች አቆጣጠር የ2024 135ኛ ቀን ማለት ነው፣ ሜይ አጋማሽ ላይ። አቆጣጠሩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ቁጥሩ ግራ ካጋባዎት የሱቁን ሰው ይጠይቁ። አቧራ የለበሰ ፊኖ ግን ምንም ቅናሽ ቢደረግበት አይግዙ። ብቻዎን ወይም ለሁለት የምትጠጡ ከሆነም 375 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ግማሽ ጠርሙስ ይበጃችኋል። በሊትር ሲሰላ ይወደዳል፤ ነገር ግን የሚደፋ ሼሪ ከሁሉም የከፋ ውድ ነው።

«ከ25 ዶላር ሳልበልጥ ጥሩ ሼሪ መግዛት እችላለሁ? ድራይ፣ ሚዲየም፣ ክሪም የሚሉት ስሞችም አምታተውኛል።» (አንባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በደንብ ይችላሉ። እንዲያውም በዚህ ገንዘብ ይህን ያህል ዓመት የከረመ ሌላ ወይን ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱ ሶሌራ የሚባለው አሠራር ነው። በርሜሎቹ በዕድሜ ይደረደራሉ፤ ለሽያጭ የሚቀዳው ከአሮጌው ረድፍ ነው። ከእሱ የጎደለው ከተከታዩ ረድፍ ይሞላል፣ የዚያኛው ጉድለት ደግሞ ከታናሹ፤ በርሜል ግን ጨርሶ ባዶ አይደረግም። በደንቡ ሼሪ ቢያንስ 2 ዓመት ይከርማል፤ ጥሩዎቹ ግን ከዚያ በብዙ ያልፋሉ።

ስሞቹን እንዲህ ያስታውሷቸው። ፊኖና ማንሳኒያ ስኳር የሌላቸው፣ ሐመር ቢጫ ናቸው። አሞንቲያዶ በእርሾ ሽፋን ሥር ጀምሮ ሽፋኑ ሲጠፋ በአየር የከረመ ነው፤ ቀለሙ የማር፣ ጠረኑ የተቆላ ለውዝ። ኦሎሮሶ ከመጀመሪያው አልኮሉ 17 በመቶ ገደማ እንዲደርስ ስለሚደረግ እርሾው አይኖርበትም፤ ቡናማና ሙሉ ጣዕም ያለው ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ደረቅ (ድራይ) ናቸው፣ ማለትም የስኳር ጣዕም የላቸውም። ሚዲየም በሊትር ከ5 እስከ 115 ግራም፣ ክሪም ከ115 እስከ 140 ግራም ስኳር አላቸው። «አሞንቲያዶ» ከሚለው ስም አጠገብ «ሚዲየም» የሚል ቃል ካዩ ስኳር ገብቶበታል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሼሪ አልወድም» የሚለው ርካሽ ክሪም ብቻ ቀምሶ ነው፤ ያ ደግሞ ለሌሎቹ የማይገባ ፍርድ ነው።

ለመጀመር ፊኖ ከሆነ ቲዮ ፔፔን፣ ማንሳኒያ ከሆነ ላ ጊታናን ይግዙ። ሁለቱም በስፋት ስለሚሸጡ መደርደሪያ ላይ ብዙ አይቆዩም፣ ትኩስነታቸውም ከዚያ ይመጣል። ሉስታው ከተባለው አምራች ደግሞ አሞንቲያዶው ሎስ አርኮስና ኦሎሮሶው ዶን ኑኞ ለዋጋቸው ከሚጠበቀው በላይ ናቸው። ገንዘብ ከጨመሩ፣ ጨምረው የሚያገኙትን ልዩነት በደንብ የሚቀምሱት በአሞንቲያዶና በኦሎሮሶ ነው።

«እንግዶች ልጠራ ነው። ሼሪ ከእኛ ምግብ ጋር ይሄዳል?» (አንባቢ ከፍራንክፈርት)

በሄሬስ የቆየ አባባል አለ፦ ለሚዋኝ ፊኖ፣ ለሚበር አሞንቲያዶ፣ ለሚሮጥ ኦሎሮሶ። ጥሩ መነሻ ነው፤ የእኛ በርበሬ ሲመጣ ግን ይሰናከላል። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያጎላዋል፣ ስኳር የሌለው ፊኖም ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ መራራ ይሆናል። ለዶሮ ወጥ የግድ ሼሪ ይሁን ካሉ ሚዲየምን በ10 ዲግሪ አቀዝቅዘው በትንሹ ይቅዱ፤ ጣፋጩ እሳቱን ያበርደዋል። ምርጫው ለእኛ ቢተው ግን ከዶሮ ወጥ ጋር ጠጅ እናቀርባለን።

በርበሬው ሲቀንስ ነገሩ ይለወጣል። አዋዜ ያልነካው የተጠበሰ ዓሣ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት፣ ከቀዝቃዛ ፊኖ ጋር የሚያምር ምግብ ነው። ፊኖው ዘይቱን ያጥበዋል፣ የጨው ጣዕሙም ዓሣውን ያነሣዋል። አቸቶ ያለበት ሰላጣ ብዙ ነጭ ወይን ያበላሻል፤ ፊኖ ግን ይቋቋመዋል። ለዶሮ አልጫ፣ ለእንጉዳይ ጥብስና ለሾርባ አሞንቲያዶ ይሁን። በጥብስ ቅጠልና በቅቤ ለተሠራ የበሬ ጥብስ፣ በርበሬ ላልበዛበት ቋንጣና ለከረመ ጠንካራ አይብ ደግሞ ኦሎሮሶ። እንግዶቹ ሲገቡ አልሞንድና የወይራ ፍሬ ከፊኖ ጋር ያቅርቡ፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ማንም አይጠላውም።

ሙቀቱን ችላ አይበሉ። ፊኖ ከ7 እስከ 9 ዲግሪ፣ አሞንቲያዶና ኦሎሮሶ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ይቀርባሉ። ፍሪጁ ከሞላ ግማሹ ውኃ ግማሹ በረዶ በሆነ ባልዲ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ይንከሩት፤ በረዶ ብቻ ከሆነ ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካው ይዘገያል። ጠባቧን የሊኬር ብርጭቆ ትተው የነጭ ወይን ብርጭቆ ይጠቀሙ፣ ሲሶዋን ብቻ ይሙሉ።

«ለማብሰያ ተብሎ የሚሸጠው ሼሪ ይጠጣል?» (አንባቢ ከአትላንታ)

አይጠጣም፣ ለማብሰልም አንመክረውም። ጨው የተጨመረበት ስለሆነ ወጡን ሳያስቡት ጨዋማ ያደርግብዎታል። ከሳምንት በላይ የቆየ የፊኖ ትራፊ ለሾርባና ለእንጉዳይ ይሻላል፤ ለ4 ሰው ምግብ 60 ሚሊ ሊትር ጨምረው አልኮሉ እስኪተን ያንተክትኩት።

«ፔድሮ ሂሜኔስ የሚባል ጥቁር ሼሪ በስጦታ አገኘሁ። እንደ ሽሮፕ ወፍራም ነው፤ ምን ላድርገው?» (አንባቢ ከአዲስ አበባ)

ስሙ የወይኑ ዝርያ ነው። ዘለላዎቹ ተቆርጠው ፀሐይ ላይ ዘቢብ እስኪመስሉ ከደረቁ በኋላ ስለሚጨመቁ ነው የወፈረው፤ በሊትር ቢያንስ 212 ግራም ስኳር አለው። ከምግብ ጋር አይሆንም። ከምግብ በኋላ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሰማያዊ ሻጋታ ካለው ጨዋማ አይብ ጋርም ግሩም ነው። ካልሆነም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቫኒላ አይስክሬም ላይ አፍስሰው፣ በደረቁ የተቆላ ለውዝ ይነስንሱበት።