ነጩ ማዳበሪያ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ቡሬ አካባቢ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) በቆሎ አለኝ። ሽልሻሎ (በቆሎው ከበቀለ በኋላ በመስመሮቹ መሃል በማረሻ ማረስ) ከጨረስኩ በኋላ 50 ኪሎ ዩሪያ የተባለውን ነጭ ማዳበሪያ በመስመሮቹ መሃል በተንኩ። ስድስት ቀን ከካፊያ በቀር ዝናብ አልነበረም፤ ከዚያ ዶፍ ወረደ። አሁን የታች ቅጠሎቹ ቢጫ እየሆኑ ነው። ማዳበሪያው የተበላሸ ይሆን? ልድገም?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይጠርጥሩ። ዩሪያ የሚደረገው ከሽልሻሎ በፊት ነው፤ ያኔ ማረሻው የሚገለብጠው አፈር ይቀብረዋል። 5 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ከለበሰ ብክነቱ በጣም ይቀንሳል። ላይ ላዩን ከቀረ ግን አፈር ውስጥ ያለው ዩሬዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይለውጠውና በአየር ይሄዳል። ካፊያ ደግሞ ከድርቁ ይብሳል፦ የዩሪያውን ፍሬ ያሟሟዋል እንጂ ወደ ሥር አያወርደውም። ከ50 ኪሎው ናይትሮጅኑ 23 ኪሎ ነው፤ እንዲህ ባለው ሁኔታ ሩቡና ከዚያም በላይ ሊተን ይችላል።

ዶፉ ሌላ ጣጣ አለው። የተረፈው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ወደሚባል በውሃ የሚሟሟ መልክ ይለወጥና ወደ ታች ይታጠባል፤ ውሃ በተኛበት ቦታ ደግሞ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ስለዚህ ረባዳው ብቻ ቢጫ ከሆነ ከማዳበሪያ በፊት ቦይ ይቅደዱ።

አሁን አንዱን የታች ቅጠል ይቁረጡ። ቢጫው ከጫፉ ተነስቶ መሃል አጥንቱን ይዞ ወደ ግንዱ ከገባ፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው። መጀመሪያ የሚነደው ዳሩ ከሆነ የፖታስየም እጥረት ነው፤ ዩሪያ አይፈታውም።

ናይትሮጅን ከሆነና ወንዴ አበባው ገና ካልወጣ 25 ኪሎ ይድገሙ። በ75 በ30 ሳንቲሜትር ከተዘራ ጥማዱ 11,000 ያህል ተክል ይይዛል፤ ለአንዱ 2 ግራም ከሩብ ይደርሰዋል። በለስላሳ ቆርኪ ይስፈሩ፣ ግን በግምት አይደለም፦ 100 ቆርኪ ሞልተው ሱቅ ሚዛን ላይ ይመዝኑ። 450 ግራም ከመጣ አንዱ ቆርኪ ለሁለት ተክል ይበቃል። ከግንዱ 10 ሳንቲሜትር ርቀው ቆፈር አድርገው ይቅበሩ፤ ተክሉ አናት ላይ ባለው የቅጠል ጥቅል ውስጥ የወደቀ የዩሪያ ፍሬ ቅጠሉን ያቃጥላል። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን።

ጥያቄ፦ ዩሪያዬ እርጥበት ይዞ ተጋግሯል። ከአመድ ጋር ቀላቅዬ ልበትነው?

መልስ፦ አይቀላቅሉ። አመድ፣ እንደ ኖራም፣ አሞኒያው ቶሎ እንዲተን ያደርጋል። የተጋገረውን ሰባብረው በቶሎ ይጠቀሙበት፤ የቀረውን ኬሻ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ያኑሩት።