ካሜራ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ለምትወጡ

በቅርቡ አንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ እየተዘጋጀች መሆኗን ገልጻ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገዛ ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ከልቤ ያልወጣ አንድ ቀን ስላስታወሰኝ፣ ለእርሷ ብቻ መልሼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ክረምቱ ሲወጣ ተራራው ለምለም ስለሚሆን ከእናንተም ብዙዎች በዚያው ወቅት ለመሄድ እንደምታስቡ እገምታለሁ።

ነገሩ የሆነው በፊልም ዘመን ነው። ከደባርቅ ተነሥተን፣ ሳንካበርን አልፈን፣ ግጭ ለማደር በእግር እየተጓዝን ነበር። የጉዞው ዓላማ ዋልያን ማንሳት ስለነበረ በትከሻዬ የያዝኩት ባለ 400 ሚሊሜትር ሌንስ የተገጠመለትን ካሜራ ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ዝናቡ ሳይቀድመን ዕቃው ካምፕ ቢደርስ እንደሚሻል መከረን፤ ለዚያ ሰማይ የሚገባው ምክር ነበር። ሰፊ እይታ የምትሰጠውን አጭሯን ባለ 28 ሚሊሜትር ሌንስ የያዘው ቦርሳ በላስቲክ ተጠቅልሎ በቅሎ ላይ ተጫነና ከነጂው ጋር ቀድሞን ሄደ።

ዝናቡ ግን ሳይመጣ ቀረ። ደመናው ተገፎ ፀሐይ በጎን ስትወጣ፣ በገደሉ አፋፍ ተሰማርቶ የነበረ የጭላዳ መንጋ ሣሩን እየነጨ ወደ እኛ ይጠጋ ጀመር። ስካውቱ እንድንቀመጥና እንዳንነቃነቅ በእጁ ምልክት ሰጠን። ጥቂት ቆይቶ መንጋው ከበበን። ሣሩ ሲነጭ የሚሰማው ድምፅ ከግራም ከቀኝም ይመጣ ነበር፤ ጣቶቻቸው በፍጥነት እየለቀሙ መዳፋቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይሰዱታል። አንድ ጎፈሬው እስከ ወገቡ የወረደ ወንድ ከፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ጎፈሬውን ሲከፍለው የደረቱ ቀይ ገላ ይታያል፤ ከእርሱ ጀርባ ደግሞ የግጭ መንደር ጎጆዎች፣ የደረሰው የገብስ ማሳና ከማሳው ማዶ የተደረደሩት ተራሮች በዚያ ብርሃን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አውሬው፣ ገበሬውና ተራራው በአንድ ዓይን የሚታዩበት ቦታ ነበር። የያዝኩት ሌንስ ግን ከአራት ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር አጥርቶ አያነሳም። ወደ ኋላ እንዳላፈገፍግ መንጋው ይደነግጣል። ራቅ ያሉትን እየመረጥኩ ፊታቸውን ብቻ አነሳሁ፤ ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፤ የትኛውም መካነ አራዊት ውስጥ ሊነሱ የሚችሉ ናቸው።

ማንሳቱን ሳቆም ስካውቱ በሌንሱ ማየት እንደሚፈልግ በዓይኑ ጠየቀኝና ካሜራውን ሰጠሁት። ጭላዳዎቹን ትቶ መንደሩን ያይ ጀመር፤ ይህ የእገሌ ቤት ነው፣ ያቺ በር ላይ የቆመችው የእገሌ ልጅ ናት እያለ በሹክሹክታ ይነግረኝ ነበር። ለረጅም ሌንስ ያየሁት ከሁሉ የተሻለ አገልግሎት ይህ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ይህን ያህል የማወራው መንደሩ ዛሬ ስለሌለ ነው። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በእርሻ፣ በልቅ ግጦሽና በዱር እንስሳቱ መመናመን ምክንያት በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የግጭ ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ለፓርኩ በጎ ሆኖ ይሆናል፤ ለሰዎቹ የነበረውን ክብደት እነርሱ ይናገሩት። እኔ የምለው፣ ያንን ጭላዳ ከዚያ መንደር ጋር አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከእንግዲህ ማንም ሊያነሳ አይችልም ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ረጅም ሌንስ እንስሳውን ከቦታው ይነጥለዋል፤ አጭር ሌንስ ግን ከነአገሩ ያሳየዋል። ጭላዳ ሰው የለመደ በመሆኑ ራሱ ይቀርባችኋል፤ ስለዚህ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ባለ 18-55 ሌንስ እንኳ ለዚያ ቦታ በቂ ነው። ለዋልያ 70-300 ወይም 100-400 ያዙ። ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚቀርጸው ክፍል) አነስተኛ በሆነ ካሜራ ላይ ባለ 400 ሌንስ፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ትልቅ ሴንሰር ላይ ባለ 600 የሚሰጠውን እይታ ያህል ስለሚሰጥ፣ ካሜራችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ባለ 600 ሌንስ ብቻውን ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዋልያ የሚታይበት የጨነቅ ካምፕ ከባሕር ጠለል ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ አየር ሦስት ኪሎ ተሸክሞ አቀበት የወጣ ሰው ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ትንፋሹን ሲሰበስብ ይውላል።

ይህን ስል ግን ቀይ ቀበሮን እያሰብኩ ራሴን መቃወሜ አይቀርም። ቀይ ቀበሮ በሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታይ እንስሳ ነው፤ ባለ 300 ሌንስ ከያዛችሁ በፎቶው ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ልባችሁ እርሱ ላይ ከሆነ ሰሜንን ትታችሁ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ሂዱ፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛዎቹ የሚገኙት በባሌ ተራሮች ነው። መንገዱ አምባውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ከመኪና ሳትወርዱ ማንሳት ይቻላል፤ ክብደቱ አያስጨንቅም፣ ባለ 600ውም ለገንዘቡ የሚገባውን ያደርጋል።

ከእናንተ ትውልድ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ስለ ሌንስ ጥራት ስትከራከሩ እኔ ከማውቀው በላይ ታውቃላችሁ፤ የምትማሩበትም ፍጥነት ያስደንቀኛል። ነገር ግን ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው እንደሚወጣ፣ ከመጨለሙ በፊትም ተመልሶ እንደሚወርድ የሚጠይቀኝ ወጣት አላገኘሁም። ለዋልያ ጨነቅ ላይ ማለዳና አመሻሽ ጥሩ ጊዜ ነው። እነዚህን ሰዓቶች የሚያውቅ ሰው በተዋሰው አሮጌ ካሜራ ከሁላችሁም የተሻለ ሥራ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ቅዝቃዜውን አትናቁት። እኔ እይዘው የነበረው ኒኮን ኤፍኤም2 መዝጊያው ያለ ባትሪ የሚሠራ ስለነበር ብርዱ አያስቆመውም ነበር፤ የዛሬ ካሜራ ግን ባትሪው ካለቀ ምንም አያደርግም። የሌሊቱ ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪዎችን በውስጥ ልብስ ኪስ ይዛችሁ፣ ማታም ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ እደሩ። ካምፕ ላይ መብራት አገኛለሁ ብላችሁ አትመኩ፤ ሁሉንም ደባርቅ ላይ ሞልታችሁ ውጡ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን በቦርሳው እንደተዘጋ አቆዩት፤ ወዲያው ካወጣችሁት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። በበጋ ሸለቆውን ለሚሸፍነው ጭጋግ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ፖላራይዘር የሚባል ማጣሪያ ይረዳል፤ በሰፊ ሌንስ ላይ ግን ሰማዩን በአንድ ወገን ብቻ ያጠቁረዋልና ተጠንቀቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አትያዙ።

ለጠየቀችኝ ልጅ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ባለ 600ውን አትግዢ። ባለ 100-400 ለጉዞው ያህል ተከራይ ወይም ተዋሺ፤ በተረፈው ገንዘብ ጨነቅ ላይ የምታድሪባቸውን ሌሊቶች ጨምሪ፤ ደመና የዋለበትን ቀን የሚክስ ሌላ ቀን ያስፈልግሻልና። ሁለተኛ ካሜራ የሚያውስሽ ሰው ካለ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ተቀበዪ፤ አጭሩን ሌንስ በአንዱ፣ ረጅሙን በሌላው ገጥመሽ ሁለቱንም ራስሽ ያዣቸው። በአፋፉ ላይ አቧራና ነፋስ ስለማይጠፋ ሌንስ መቀያየሩም ይቀርልሻል።