ግራንድ ካንየን በአንድ ቀን፦ በጁን ወንዙ ድረስ አትውረዱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጁን አጋማሽ ከባለቤትሽ ጋር ግራንድ ካንየን (አሜሪካ፣ አሪዞና ያለው ጥልቅ ሸለቆ) ሄዳችሁ፣ ከአፋፉ በሳውዝ ካይባብ መንገድ ወርዳችሁ፣ ኮሎራዶ ወንዝ ደርሳችሁ፣ በዚያው ቀን ብራይት ኤንጅል በሚባለው ሌላ መንገድ ለመውጣት አስባችኋል። «እሱ ፈጣን ነው፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ እንዳላዘገየው ፈራሁ» ብለሻል። እኔና ባለቤቴ ይህንኑ መንገድ በአንድ ቀን ሄደነዋል፤ ግን በኦክቶበር አጋማሽ ነበር። በጁን እባካችሁ አትሞክሩት። ደግሞ ካንቺ ይልቅ የሚያሰጋኝ ባለቤትሽ ነው። ለምን እንደሆነ የደረሰብንን ልንገርሽ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ተራራ ስትወጪ ዳገቱን የምትጋፈጪው ጉልበትሽ ትኩስ እያለ ነው፤ ደከመኝ ካልሽም ፊትሽን አዙረሽ ቁልቁል ትመለሻለሽ። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሳውዝ ካይባብ ከአፋፉ እስከ ታችኛው የድንኳን ሰፈር 7 ማይል (11 ኪሎ ሜትር) ያህል ሲሆን 1,450 ሜትር ገደማ ያስወርዳል። በመንገዱ ላይ ውሃ የለም፤ ጥላም እንደሌለ ቁጠሪው። በብራይት ኤንጅል መውጫው ደግሞ 9 ማይል ተኩል (15 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ሲደመር ከ26 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ዳገቱ የሚጀምረው ታዲያ እግር ከዛለ፣ ፀሐይም አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። አፋፉ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጃኬትና ጓንት አድርገን ነበር። (ወደ ሳውዝ ካይባብ መነሻ የግል መኪና አይገባም፣ በፓርኩ አውቶቡስ ነው የሚኬደው። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሰዓት ማታውኑ አረጋግጡ።) ባለቤቴ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ወረደው። ቁልቁለት ያታልላል፤ ትንፋሽ ስለማያሳጥር ሰው ጉልበቱ እያለቀ መሆኑ አይታወቀውም። ሴዳር ሪጅ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝና ገና ከመድረሴ ተነሳ። ስኬለተን ፖይንት ላይ፣ ወንዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ብቅ በሚልበት ቦታ፣ እኔ ተቀምጬ ኦቾሎኒና ብስኩት በላሁ። እሱ «ታች እበላለሁ» አለ።

4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን በጥቁሩ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ በፈረንጆቹ 1928 የተሠራ ነው፤ ረጃጅሞቹን የብረት ገመዶች የሃቫሱፓይ ሰዎች (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ተሰልፈው በትከሻቸው ነው ያወረዱት። በዚያ ቁልቁለት ባዶ እጄን ወርጄ ስለደከመኝ፣ እነሱን እያሰብኩ ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ታች ስንደርስም ባለቤቴ አልበላም። ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶት ውሃ ብቻ ይጠጣል። እኔም ጠርሙሱን ደጋግሞ ሲሞላ እያየሁ «ጎበዝ፣ ጠጣ» እለው ነበር።

ከወንዙ ተለይተን «ዴቭልስ ኮርክስክሩ» የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ስንደርስ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው፤ ሳናግረው መልሱ ዘገየብኝ። ውሃ ያነሰው መስሎኝ ተጨማሪ ውሃ አቀበልኩት። ይህ የኔ ስህተት ነበር፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ሃቫሱፓይ ጋርደንስ የሚባለው ማረፊያ ደረስን (በድሮ ካርታ ኢንዲያን ጋርደን ነው የሚለው፤ ስሙ የተቀየረው በፈረንጆቹ 2022 ነው)። እዚያ ያገኘናት ሬንጀር (የፓርኩ ጠባቂ) አየት አድርጋው «ስንት ሊትር ጠጣህ?» አላለችም። «ዛሬ ምን በላህ?» ነው ያለችው። እሱ ዝም አለ። ከዚያ ለሁለታችንም አስረዳችን፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ጨውና ምግብ ሳይተካ ውሃ ብቻ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ምልክቱ የውሃ ጥም ካመጣው ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ጭራሽ ውሃ ይጨምራል፤ ሲብስ ደግሞ ይገድላል። ውሃውን አስቆመችው፣ ጥላ ስር አስቀመጠችው፣ ጨዋማ ብስኩት በትንሽ በትንሹ እንዲበላ አደረገች። ሽንቱ እስኪመጣና አነጋገሩ እስኪስተካከል ድረስ እንድንነሳ አልፈቀደችም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን።

የቀረውን 4 ማይል ተኩል እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወጣን። ሃምሳ እርምጃ፣ ከዚያ ቆም፤ ሃምሳ እርምጃ፣ ከዚያ ቆም። እያወራን መሄድ ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው። በየማረፊያ ጎጆው አንድ ነገር እንቀምሳለን። ከላይ ያለው ሦስተኛ ክፍል በጨለማ፣ በግንባር መብራት ነበር፤ አፋፉ ላይ የደረስነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ቀስ ብዬ መሄዴ ነው ያወጣን። ስለዚህ «እንዳላዘገየው» የሚለውን ሐሳብ ከልብሽ አውጪው፤ ካንቺ ፍጥነት በላይ እንዳይሄድ ከወዲሁ ተስማሙ፣ ከፊትም አንቺ ሁኚ።

ወደ ጁን ልመለስ። በዚያ ወር ከሸለቆው ግርጌ ጥላ ውስጥ እንኳ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ጥቁሩ ዓለትም ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። ፓርኩ ራሱ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀን መመለስን አይመክርም፤ በነዚህ የሙቀት ወራት ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ዳገት ላይ እንዳትገኙ ያስጠነቅቃል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄጄ ሴዳር ሪጅ ደርሼ እመለሳለሁ። ደርሶ መልስ 3 ማይል ብቻ ነው፣ መውጫው ግን 350 ሜትር ገደማ ስለሆነ እንዳትንቁት። ወንዙን ካልነካን ካላችሁ ቀኑን ወደ ኦክቶበር አዛውሩት፣ ወይም ታች ለማደር ፈቃድ ጠይቁ። ታች ባለው ማረፊያ፣ ፋንተም ራንች፣ አልጋ የሚገኘው ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሚወጣ ዕጣ ነው።

በኦክቶበር ከሄዳችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ከላይ ስትነሱ ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ። በብራይት ኤንጅል ያሉት ቧንቧዎች ክፍት መሆናቸውን ከመነሳታችሁ በፊት ሬንጀሮቹን ጠይቁ፤ ውሃውን የሚያመጣው መስመር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተዘረጋ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። የመራመጃ ዱላ ለጉልበት ትልቅ እረፍት ነው። ጫማው አዲስ አይሁን፣ የእግር ጥፍርም ማታውኑ ይቆረጥ፤ ቁልቁለቱ ጣትን ከጫማው አፍንጫ ጋር ያጋጨዋል። በቅሎዎች ሲመጡ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ተጠግታችሁ ቁሙ፣ ነጂው የሚላችሁን አድርጉ። የግንባር መብራት ለየራሳችሁ፤ አንዱ ለሁለት አይበቃም።

ባለቤቴ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነበር። ለባለቤትሽ «ስኬለተን ፖይንት ላይ ቁጭ ብለህ ብላ» በይልኝ ብሏል።