ፎቶ ያከበደው የዎርድ ፋይል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በፎቶ ምክንያት አልላክ ስላለ የዎርድ ፋይል የሚያነሱ ናቸው። በአንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብያለሁ።

«የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ከመስክ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሉ። ፋይሉ 84 ሜጋባይት ስለሆነ ለአማካሪዬ በኢሜይል መላክ አቃተኝ። ፎቶዎቹን ጥጋቸውን ይዤ እየጎተትኩ ባሳንስም ክብደቱ ያው ነው።» (የማስተርስ ተማሪ፣ ከጅማ)

ጥጉን ይዞ መጎተት የሚቀይረው ፎቶው ገጹ ላይ የሚይዘውን ቦታ ነው። የዎርድዎ ቅንብር «ሃይ ፊደሊቲ» ላይ ከሆነ፣ ከስልክ የመጣው ፎቶ እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች) ገደማ ነው። የኤፎር ወረቀት ግን 21 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ግራና ቀኝ 2.54 ሴንቲሜትር ኅዳግ ሲቀነስ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀራል። ይህን ቦታ በአንድ ኢንች 220 ፒክስል ሒሳብ ለመሙላት 1380 ፒክስል ያህል ስፋት ይበቃል። ያ ማለት ከፎቶው ፒክስሎች ከስምንቱ አንዱ ገደማ ብቻ ያስፈልግዎታል፤ የቀረውን ያለ ጥቅም ተሸክመውታል።

መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ፤ የተቀነሰ ፒክስል አይመለስም። ከዚያ አንዱን ፎቶ ጠቅ ያድርጉና «ፒክቸር ፎርማት» ከሚለው ትር «ኮምፕረስ ፒክቸርስ»ን ይክፈቱ። «አፕላይ ኦንሊ ቱ ዚስ ፒክቸር» ላይ ያለውን ምልክት ያንሱት፤ ካልተነሳ የሚቀነሰው የመረጡት ፎቶ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው «ሞክሬ አልሠራም» የሚለውም እዚህ ላይ ነው። 220 ይምረጡና ሴቭ ያድርጉ። አማካሪዎ በስክሪን ብቻ የሚያነቡት ከሆነ 150 ይበቃል። 96ን ካርታና ሠንጠረዥ ላለበት ጽሑፍ አልመክርም፤ ትንንሽ ፊደላት ይደበዝዛሉ።

በጂሜይል መላክ የሚቻለው እስከ 25 ሜጋባይት ቢሆንም አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከ18 ሜጋባይት በታች ለማድረስ ይሞክሩ።

«ከሠርግ ፎቶ ፊቴን ብቻ ክሮፕ አድርጌ ሲቪዬ ላይ አስገባሁ። የተቆረጠውን ክፍል ሌላ ሰው ማየት ይችላል?» (ሥራ ፈላጊ፣ ከአዲስ አበባ)

አዎ፣ ይችላል። ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ ያሳሰበኝም ይህ ነው። ዎርድ ክሮፕ ያደረጉትን ክፍል ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ፋይሉን የተቀበለ ሰው ፎቶውን ነክቶ «ሪሴት ፒክቸር ኤንድ ሳይዝ» ቢል ሠርገኛው በሙሉ ይወጣል። ለሠርግ ፎቶ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰዎች የፋይዳ ቁጥራቸውን፣ የባንክ ሒሳባቸውን ወይም የሕክምና ውጤታቸውን በዚሁ መንገድ «ቆርጠው» ይልካሉ። በላዩ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳልም አያድንም፤ ሳጥኑ ይነሳል።

በዚያው «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» ሳጥን ውስጥ «ዲሊት ክሮፕድ ኤሪያስ ኦቭ ፒክቸርስ» የሚለው ምልክት እንዳለበት አረጋግጠው እሺ ይበሉና ሴቭ ያድርጉ። የፋይሉም ክብደት አብሮ ይቀንሳል። ማረጋገጥ ከፈለጉ የፋይሉን ቅጂ ስም መጨረሻ ከዶክኤክስ (.docx) ወደ ዚፕ (.zip) ይቀይሩና ይክፈቱት፤ «ዎርድ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ሚዲያ» የሚል አለ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ምስጢር ላለበት ሰነድ ግን እኔ የምመርጠው ፎቶውን ወደ ዎርድ ከማስገባት በፊት በስልክ ቆርጦ እንደ አዲስ ፎቶ ማስቀመጥ ነው።

«ፋይሉን ዚፕ ባደርገውስ?» (ከደሴ)

ብዙ አይቀንስም። ከላይ እንዳየነው የዶክኤክስ ፋይል ራሱ ዚፕ ነው፤ ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነትም አስቀድሞ የተጨመቀ ነው።

«ጄፔግ ወይስ ፒኤንጂ?» (የጽሕፈትና ኅትመት ሥራ ባለቤት፣ ከሐዋሳ)

በካሜራ ለተነሳ ፎቶ ጄፔግ። ስክሪንሾት፣ ማኅተም፣ ሎጎና ፊደል ያለበት ሥዕል ከሆነ ፒኤንጂ፤ ጄፔግ የፊደሉን ጠርዝ ያበላሸዋል። በፒኤንጂ የተቀመጠ የካሜራ ፎቶ ከጄፔጉ ብዙ እጥፍ ሊከብድ ስለሚችል፣ ደንበኛ ካመጣልዎ በፔይንት ከፍተው «ሴቭ አዝ» ብለው ወደ ጄፔግ ይቀይሩት። በጥራት ለሚታተም ሥራ ከ220 አይውረዱ።

«የምጠቀመው ሊብሬኦፊስ ነው።» (ከባሕር ዳር)

ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኮምፕረስ»ን ይምረጡ። እዚያ ግን የሚሠራው አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ፎቶው ብዙ ከሆነ አስቀድሞ አሳንሶ ማስገባት ይቀላል።

«ፎቶ አንድም የለበትም፤ ሪፖርቴ ግን ከባድ ነው።» (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዳማ)

ሁለት ነገር ይፈትሹ። ከኤክሴል የመጣ ቻርት ከነሙሉ ሒሳብ መዝገቡ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ያልፈለጉት የደመወዝ ዝርዝርም አብሮ ይሄዳል። «ፔስት ስፔሻል» ብለው እንደ ሥዕል ይለጥፉት። ሁለተኛው ፎንት ነው። የአማርኛው ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር እንዳይበላሽ «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» ተመርጦ ከሆነ ፎንቱ በሙሉ አብሮ ይጓዛል። ከሥሩ ያለውን፣ የተጠቀሙባቸውን ፊደላት ብቻ የሚያካትተውን ምርጫ ይጨምሩ። ተቀባዩ ሰነዱን የሚያርመው ከሆነ ግን ይህን አይምረጡ፤ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ፊደል ሲጽፍ ሌላ ፎንት ሊገባበት ይችላል።